ማን ልበል? የት ነህ?

የማናውቀው ቁጥር ሲደውልልን "ሃሎ፣ ማን ልበል?" እንላለን። የምናውቀው ሰው ከሆነ ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ "የት ነህ?" ይከተላል። ሰውየው የትም ይሁን የት ጉዳያችንን ላይቀይረው ይችላል። ግን እንጠይቃለን። ከማን ጋር እንደምናወራና ያ ሰው የት እንዳለ ካላወቅን ልባችን አያርፍም።

እኔ እንጀራዬን የማገኘው ከሩቅ ሰርቨሮች፣ ማለትም የደንበኞቼን ሥራ ሌት ተቀን ከሚሠሩ የኪራይ ኮምፒውተሮች ነው። ቤቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ውጪ ያለው የኒም ዛፍ ጥላ እስከ ከሰዓት ድረስ ይደርሰኛል። ሰርቨሮቹ ግን አብዛኞቹ ፍራንክፈርት ናቸው፣ ሁለቱ ኬፕታውን። አንዱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የማገኛቸው ላፕቶፔ ላይ በተጫነ አንድ አፕ ነው። አፑ ስም ዝርዝር አለው። አንዱን ስም ሁለቴ ጠቅ ሳደርግ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የምጽፈው ትዕዛዝ ሁሉ የሚፈጸመው እዚያ ማዶ ነው።

ስለዚህ አፕ ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። የዘገየሁት አንድ ታሪክ ሳልናገር ስለ እሱ መጻፍ ስለማልችል ነው።

ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፤ በምሳ ሰዓት ከተማዋ ጸጥ ትላለች። ሱቆች በራቸውን ይዘጋሉ። ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደገና ይከፈታሉ። በሌላ አገር የሰርቨር ጥገና የሚሠራው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ተጠቃሚው ሁሉ ስለሚተኛ። የእኔ ደንበኞች ግን የድሬ ነጋዴዎች ናቸው። ለእኔ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለችውን ጊዜ የሚያህል የለም። ድሬ ስታርፍ እኔ እሠራለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት ነው፣ ግንቦት ላይ። ታይዋን ገበያ አካባቢ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ደንበኛ አለኝ። ሁሉም "ሀጂ" ይለዋል፣ እኔም። የመጋዘኑ ዕቃና የቀን ሽያጩ የሚመዘገበው እኔ በሠራሁለት ሲስተም ነው። ሁለት ሰርቨር ነበረው። አንዱ ሥራ ላይ ያለው ዋናው ነው። ሌላው አዲስ ነገር የምሞክርበት ነው። የዚያን ቀን ሥራዬ ቀላል ነበር። መሞከሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ዳታቤዝ (የመረጃ መዝገብ) አጥፍቼ በሌሊቱ ባክአፕ፣ ሌሊት ከዋናው በተወሰደው መጠባበቂያ ቅጂ፣ መተካት ነው። ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን ከፈትኩ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሁለቱም ላይ ያለው ጽሑፍ ነጭ ነው። ስማቸው ደግሞ ስከራያቸው አከራዩ ራሱ ያወጣላቸው ስም ነበር። "ኡቡንቱ" ብሎ ይጀምርና ረጅም ጭራ ይከተለዋል። የሚለዩት መጨረሻ ላይ ባሉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው።

ዳታቤዙን አጥፋ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። ኢንተር መታሁ። ኮምፒውተር እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሳካለት ብዙ አያወራም። "ኦኬ" አለ፣ ከፈጀበት ሰከንድ ጋር። ከዚያ ዓይኔ ወደ ግራው መስኮት ሄደ። የመሞከሪያው ዳታቤዝ እዚያው ቁጭ ብሏል። ማንም አልነካውም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳውም። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ ቬንቲሌተሩ የሚገፋው አየር ራሱ ትኩስ ነው፤ እኔ ግን በረደኝ።

ባክአፑ የሌሊት ስለሆነ እስከ ትናንት ማታ ያለው ሁሉ ተመለሰ። የጠፋው የዚያን ቀን ጠዋት ሽያጭ ነው። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

"አቦ የት ነህ? የጠዋቱን አላሳይ አለኝ እኮ።"

ድሬና ሐረር ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም። አባቴን የሚያክለውን ሰው "አንተ" ነው የምለው። ለእንግዳ ሰው ንቀት ይመስለዋል፣ ለእኛ ግን ቅርበት ነው። በዚያች ቀን በጣም ጠቀመኝ። "ሀጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ምንም አልነካህም" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ደረሰኙ አለ አይደል? ና አብረን እንጻፈው" አለኝ።

በባጃጅ ሄድኩ። መጋዘኑ ውስጥ፣ በዘይት ጄሪካንና በስኳር ጆንያ መሃል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ የደረሰኝ ጥራዞቹን አቀረበችልኝ። ቅጂው ከካርቦን ሥር የወጣ ስለሆነ ቀለሙ ደብዛዛ ነው። አንዳንዱን ለማንበብ ወደ አምፖሉ ማስጠጋት ነበረብን። እሷ አውራ ጣቷን በምራቅ እያራሰች ትገልጣለች፣ ታነባለች፤ እኔ እጽፋለሁ። "ሩዝ፣ ሃያ አምስት ኪሎ፣ አስራ ሁለት።" "ጻፍኩ።" "ዘይት፣ ሃያ ሊትር፣ ስድስት።" "ጻፍኩ።" ስንጨርስ መሽቶ ነበር። ሀጂ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ለስላሳ አስመጣልኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያብሰለሰለኝ ጥያቄ አንድ ነው። የሀጂ መጋዘን ሁለት ቢሆንና አንዱን አጽዳ ብባል፣ በሩ ላይ ስቆም አልሳሳትም ነበር። እግሬ ያውቃል። አፍንጫዬ ያውቃል። አንዱ ቡና ቡና ይሸታል፣ አንዱ ሳሙና። ጥቁሩ መስኮት ግን አይሸትም። እጄ እዚያ ማዶ ደርሳ ትሠራለች፣ የትኛው ቤት ውስጥ እንዳለች ግን የሚነግራት የለም። "የት ነህ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በፊት የምጠቀመው ፑቲ (PuTTY) የሚባለውን አፕ ነበር። እሱን መውቀስ አልፈልግም። ሳይመን ታተም የሚባል እንግሊዛዊ ፕሮግራመር የሠራው፣ ከ1990ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ሆነን ሩቅ ሰርቨር መንካት የተማርን ሁሉ ውለታው አለብን። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ዊንዶውስ ራሱ ይህን ሥራ የሚሠራ ትዕዛዝ በውስጡ ይዞ መምጣት እስኪጀምር ድረስ ሌላ የሚታወቅ በር አልነበረንም ማለት ይቻላል። ፑቲ ላይም ቀለም መቀየር ይቻላል። እኔ ግን አልቀየርኩም ነበር።

አሁን የምጠቀምበት አፕ ሰርቨሮቹን በደንበኛ ይመድብልኛል። ለእያንዳንዱ እኔ የማወጣለትን ስም ይይዛል። ዋናዎቹን ሰርቨሮች ቀይ አድርጌያቸዋለሁ። መስኮቱ ሲከፈት ጀርባው ደም የመሰለ ጥቁር ቀይ ነው። መሞከሪያዎቹ አረንጓዴ ናቸው። ሰርቨሮቹም ላይ ገብቼ የራሳቸውን ስም ቀየርኩ። ይሄ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም አፑ ላይ የማወጣው ስም ላፕቶፔ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው። ሌላ ሰው ከሌላ ኮምፒውተር ሲገባ አያየውም። ሰርቨሩ ራሱ ስሙን ከተናገረ ግን ማንም ከየትም ቢገባ ይሰማዋል። "ሆስትኔም" የምትባል ትዕዛዝ አለች። ስትጽፋት ማሽኑ ስሙን ይነግርሃል። "ሁ አም አይ" የምትባልም አለች፤ በማን ስም እንደገባህ ትነግርሃለች። ከማጥፋት በፊት፣ እንደገና ከማስነሳት በፊት፣ ሁለቱን እጽፋለሁ። አራት ሰከንድ አይፈጅም።

ርቀቱ ራሱ ይገርመኛል። አንድ ቀን ካርታ ላይ ለካሁት። ከድሬ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድሬ እስከ ኬፕታውንም 5,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኩል መሃል ላይ ነው ያለነው ማለት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አንድ ፊደል ስጽፍ ደርሳ ለመመለስ ከ54 ሚሊ ሰከንድ በታች ልትፈጅ አትችልም፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ። ቀጥ ያለ ደግሞ አይደለም። የባሕር ኬብል እኛ ዘንድ አያርፍም። ወደ አውሮፓ የሚሄደው አንዱ መንገድ በጅቡቲ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ሽቅብ ይዞ፣ በግብፅ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ሲጎዱ፣ እንዲህ ያለው ነገር ምን ያህል በቀጭን ክር እንደተንጠለጠለ ዓለም ሁሉ አየ።

ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ፊደል ስትጽፍ ወዲያው የምትታይህ ፊደል አንተ የጻፍካት አይደለችም። ሰርቨሩ ተቀብሎ የመለሰልህ ናት። ለዚህ ነው ኔትወርኩ ሲደክም ጽሑፉ እየተንቀረፈፈ የሚመጣው። ይሄን ስረዳ ያ መዘግየት ማናደዱን ተወ። ርቀቱን የማይበት ብቸኛው ቦታ እሱ ነው። የሚያስመርርበት ጊዜም አለ፤ ሞሽ የሚባለው ፕሮግራም፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲ የወጣው፣ የምትጽፈውን እየገመተ ቀድሞ ያሳይሃል። ኔትወርክ ቀይረህ ከአንዱ ሲም ወደ ሌላው ብትሄድም አይቋረጥም። እኔ ሁለት ሲም አለኝ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲጠፋ በሌላው እቀጥላለሁ።

መብራት ሲሄድስ? ለዚህ መድኃኒቱ አፑ ውስጥ አይደለም፣ ሰርቨሩ ላይ ነው። ቲመክስ (tmux) የሚባል ፕሮግራም ነው። ሥራህን እሱ ውስጥ ከጀመርክ፣ ራውተርህ ቢጠፋ፣ ላፕቶፕህ ቢዘጋ፣ ሥራው እዚያ ማዶ ይቀጥላል። ተመልሰህ ስትገባ ካቆምክበት ታገኘዋለህ። ያለ እሱ ግን መስመሩ ሲበጠስ የጀመርከው ሥራም አብሮ ይሞታል። ዳታቤዝ በማሻሻል ላይ ሳለህ ይህ ከደረሰብህ ምሽትህ አለቀ። አዲስ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የማስተምረው ይሄን ነው።

አሁን ወደ "ማን ልበል?" ልምጣ።

በ1995 (እ.ኤ.አ.) ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሰው ኔትወርኩ ላይ ተደብቆ የሚያልፈውን ፓስወርድ ሁሉ ሲለቅም ተገኘ። በዚያን ዘመን ሰው ሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው በቴልኔት ነበር። ቴልኔት ደግሞ ፓስወርዱን እንዳለ፣ ሳይሸፍን፣ ነው የሚልከው። መስመሩ ላይ ጆሮ የጣለ ሁሉ ያነበዋል። ታቱ ይሎነን የተባለ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ በዚህ ተቆጭቶ ኤስኤስኤች (SSH) የሚባለውን፣ የሚያልፈውን ሁሉ ሸፍኖ የሚልክ መግቢያ ጻፈ። ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ቁጥር ያለው በር አለው። ፋይል የሚላክበት ኤፍቲፒ 21 ቁጥር በር ነበረው፣ ቴልኔት 23። መሃል ያለው 22 ባዶ ነበር። ለሚመለከታቸው በኢሜይል ጠየቀ፣ በማግስቱ ተፈቀደለት። እኛም ዛሬ ድረስ በዚያች በ22 እንገባለን። እንዲህ ያሉ ታሪኮች ደስ ይሉኛል። አንድ ሰው ተናደደ፣ ቁጭ ብሎ ሠራ፣ ዓለም ተጠቀመበት።

ኤስኤስኤች መስመሩን ይሸፍናል። ግን ከማን ጋር ነው የተሸፈነው? መሃል ላይ ሌላ ሰው ቆሞ "እኔ ሰርቨርህ ነኝ" ቢልህስ? ለዚህ ነው አፑ አዲስ ሰርቨር ጋር ስትገናኝ የሚያቆምህ። የሰርቨሩን አሻራ፣ ማለትም ማንነቱን የሚለየውን ምልክት፣ ያሳይህና "ይህን ታውቀዋለህ?" ይልሃል። አሻራው 43 የተዘባረቁ ፊደልና ቁጥር ነው። ማንም አያነበውም። ሁሉም "አዎ" ብሎ ያልፋል። እኔም ለዓመታት "አዎ" እያልኩ አልፌያለሁ። አዳዲሶቹ አፖች ደግሞ ይህን ጥያቄ አሳምረው፣ ትንሽ ሰማያዊ በተን አድርገው ነው የሚያቀርቡት። ይሄ አይመቸኝም። "ማን ልበል?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይሰሙ በር መክፈት ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሐረር ያለው የሥራ ባልደረባዬ ነው። የሀጂን ዋና ሰርቨር በአዲስ ቀይሬ ለእሱ መንገር ረስቼ ነበር። እኔ ወደ ሐረር በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ነኝ። ኔትወርክ የለም። እሱ ለመግባት ሲሞክር አፑ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣበት። የዚህ ሰርቨር ማንነት ተቀይሯል፣ አንድ ሰው እያታለለህ ሊሆን ይችላል የሚል። አሮጌውን አሻራ አጥፍቶ ማለፍ ይችል ነበር። አንድ ጠቅታ ነው። አላደረገውም። ስልኬን ሞከረ፣ አላገኘኝም፣ ጠበቀ። ስገናኘው የመጀመሪያ ቃሉ "አንተ ነህ የቀየርከው?" ነበር። "አዎ እኔ ነኝ" ስለው "እሺ፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ንገረኝ" አለ። አንድ በአንድ ነገርኩት። እሱ ስክሪኑ ላይ እያየ "እሺ... እሺ..." አለ። ከዚያ ገባ።

አንድ ሰዓት ተኩል አባክኗል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የደንበኛዬን ቁልፍ በሙሉ ልቤ የምሰጠው ለእሱ ነው። አሁን አዲስ ሰርቨር ስንከራይ አሻራውን በአከራዩ ገጽ ላይ አንብበን በስልክ እንነጋገራለን። ልማድ አደረግነው።

ቁልፍ ካልኩ አይቀር። በፓስወርድ መግባት ከተውኩ ቆይቷል። አዲስ ሰርቨር በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ከየአገሩ በሩን የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ይመጣሉ። "ሩት"፣ "አድሚን"፣ "ቴስት" በሚሉ የተለመዱ የመግቢያ ስሞች ፓስወርድ እየገመቱ ሌት ተቀን ይሞክራሉ። መዝገቡን ከፍተህ ስታየው ያስፈራል። መፍትሔው ጥንድ ቁልፍ ነው። አንዱ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ማንም ቢያየው ችግር የለውም። ሌላው ከላፕቶፕህ አይወጣም። ሰርቨሩ አንድ ነገር ፈርምልኝ ይልሃል፣ አንተ በቁልፍህ ፈርመህ ትመልሳለህ። ቁልፉ ራሱ መንገድ ላይ አይወጣም።

እዚህ ላይ ከአፖቹ ጋር የማልስማማበት ሁለተኛ ነገር አለኝ። ብዙዎቹ ቁልፍህን በእነሱ ክላውድ፣ ማለትም በራሳቸው ሩቅ ሰርቨሮች ላይ አስቀምጠው በሁሉም ኮምፒውተርህና ስልክህ እንዲገኝ ያደርጋሉ። ተቆልፎ ነው የሚሄደው ይላሉ፣ አምናለሁ። ምቹም ነው። ላፕቶፑ የተሰረቀበት ሰው ዋጋውን ያውቃል። እኔ የራሴን የመለማመጃ ሰርቨሮች እንዲያ አስቀምጣለሁ። የሀጂን አላስቀምጥም። የሰው መጋዘን ቁልፍ ነው። አደራ ነው። እሱ የሰጠኝ ለእኔ እንጂ ለሦስተኛ ሰው አይደለም። የእሱ ቁልፍ ላፕቶፔ ላይ በረጅም የይለፍ ሐረግ ተቆልፎ አለ። ቅጂው ደግሞ ፍላሽ ላይ ሆኖ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተዘግቶበታል።

አንድ ትዕዛዝ በብዙ ሰርቨር ላይ በአንዴ የሚያስፈጽም ነገርም አላቸው። ያንን ጨርሶ ዘግቼዋለሁ።

ዋጋውን በአጭሩ ልናገር። ሰርቨር የምንከራየው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በወር 6 ዶላር የምትከፈልበት ትንሽ ሰርቨር 342 ብር አካባቢ ነበረች። ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ያኔ ብዙዎቻችን ወጪ ለመቀነስ ዋናውንና መሞከሪያውን አንድ ሰርቨር ላይ ቀላቀልን። እኔም ለሁለት ደንበኞች ቀላቅያለሁ። የሀጂን ግን ለያይቼ አስቀመጥኩ። ልዩነቱን ከኪሴ ነው የምከፍለው፣ እሱ አያውቅም።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ከእኔ ጋር መሥራት ጀምራለች። ኮምፒውተር ነው የምትማረው፣ ሦስተኛ ዓመት ናት። ባለፈው ሳምንት የሀጂን ዋና ሰርቨር አጥፍታ እንደገና እንድታስነሳ ሰጠኋት። 7 ሰዓት ከሩብ ነው። ውጪ የባጃጅ ድምፅ እንኳ የለም። አጠገቧ ተቀመጥኩ እንጂ አልተናገርኩም።

ስሙን ሁለቴ ጠቅ አደረገች። መስኮቱ ቀይ ሆኖ ተከፈተ። ሆስትኔም ብላ ጻፈች። መልሱ መጣ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ከስሙ ሥር አስኬደችው፣ ፊደል እንደሚማር ልጅ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሁ አም አይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "አንተ፣ የሌሊቱ ባክአፕ መኖሩን አየህ?" አለችኝ። አላየሁም ነበር። ሌላ መስኮት ከፍታ ራሷ አየች። አለ። መጠኑንም ከትናንት ወዲያው ጋር አስተያየችው።

ኢንተር መታች። መስመሩ ተቋረጠ የሚል ጽሑፍ መጣ። ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። እሷ በደብተሯ ራሷን ታራግባለች። አርባ ሰከንድ አካባቢ ሆነ። እንደገና ስትሞክር ምንም ጥያቄ ሳይጠይቃት ተከፈተ። አሻራው ያው ነው።

"ገባሁ" አለች።